ሃምሳ ሦስት ጊዜ አቆመች

እኔ ተቀምጬ መሥራት የማልችል ሰው ነኝ። ወንበር ላይ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየሁ እግሬ ሳያስፈቅደኝ ይነሳል፤ እኔም ተከትዬው እሄዳለሁ። ሃያ ሁለት ተውኔት፣ ስምንት ዓመት የዘለቀ የቴሌቪዥን ኮሜዲና አንድ ፊልም የጻፍኩት ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስመላለስ ነው። ባለቤቴ የሳሎኑን ምንጣፍ በየዓመቱ ታዞረዋለች፤ በአንድ መስመር ብቻ እየሳሳ ስላስቸገራት። «ሰው ሲጽፍ ቀለም ይጨርሳል፣ የኔው ጉድ ምንጣፍ ይጨርሳል» ትላለች። ይህቺን አባባሏን ሰርቄ አንዱ ተውኔት ውስጥ ከተትኳት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ባለቤቴ ግን ቀልዷ በሌላ ሴት አፍ ሲነገር በማየቷ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ቁንጫ የሚል ስም ያወጣችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። እትዬ እላታለሁ። እናታችን ስትሞት እኔ የስድስት፣ እሷ የዐሥራ አራት ዓመት ልጆች ነበርን። አባት የሚባል ነገር እንደነበረን ሰምተናል፣ ማስረጃ ግን የለንም። እናታችን ትታልን የሄደችው አንድ የብረት የስፌት መኪና ነው። እትዬ እሱ ላይ ተቀምጣ የሰው ልብስ እያጠበበችና እያሰፋች አሳደገችኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መኪናው ዙሪያ እየተሽከረከርኩ የቀኑን ወሬ እነግራታለሁ፤ መምህሩ ሲያስነጥሰው ጠመኔው የት እንደገባ፣ ጎረቤታችን ከገዛ በሩ ቁልፍ ጋር እንዴት እንደተሰዳደበ። እትዬ አትስቅም። ጥርሷን ከፍታ ስትስቅ ያየ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ወሬው ሲጥማት ግን እግሯ መርገጫው ላይ ቀጥ ይላል፣ መኪናው ይቆማል፣ ቀና ብላ ታየኛለች። ከዚያ መልሳ ትረግጣለች። እኔ በሕይወቴ አጥብቄ የፈለግሁት ነገር ቢኖር ያ መኪና እንዲቆም ነው።

እትዬ ኋላ የቲያትር ቤቱ የአልባሳት ክፍል ልብስ ሰፊ ሆነች፤ እኔም እግሯን ተከትዬ ገባሁ። የመጀመሪያውን ተውኔቴን የጻፍኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ለአዘጋጁ ከመስጠቴ በፊት የአልባሳቱን ክፍል በር ዘግቼ፣ በተሰቀሉት ካፖርቶችና ቀሚሶች ፊት እየተመላለስኩ አነበብኩላት። የእናታችንን መኪና ይዛው መጥታ ነበርና እንደ ልጅነታችን እሱ ላይ ነበረች። መኪናው በቆመ ቁጥር ከጽሑፉ ጎን በቀይ እርሳስ አንድ ጭረት አኖርኩ። ሠላሳ አንድ ጊዜ አቆመች። ተውኔቱ ሲታይ ሕዝቡ በሠላሳ አንዱም ቦታ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእሷ ያልተነበበ ጽሑፍ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

ወሬው በቲያትር ቤቱ ተዛመተ። ተዋንያን ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ እንደ ሰው «እንዴት አደርክ» አይሉኝም፤ «ስንት ጊዜ አቆመች?» ነው የሚሉኝ። ቁጥሩ ከሃያ በታች ከሆነ ጉንፋን የሚይዘው ተዋናይ ይበዛል። አሁን ያለው ሥራ አስኪያጅማ ከነጭራሹ አያነብም። ጽሑፉን እንደ ዳቦ በእጁ መዘን መዘን ያደርግና «ስንት?» ይለኛል። ከአርባ በላይ ካልኩት መድረኩን ይሰጠኛል።

አንድ የማላደርገው ነገር አለ፤ ሰው አላስወድቅም። በልጣጭ የሚንሸራተት፣ ወንበር ተስቦበት የሚዘረር፣ መሰላል ተሸክሞ የሚዞር ሰው እኔ ተውኔት ውስጥ አይገባም። ሳቅ የሚመጣው በአፍ ነው እንጂ በመቀመጫ አይደለም እላለሁ። ይህን አቋሜን ለጋዜጠኛ ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ ሳልጠየቅም ተናግሬያለሁ።

ቴሌቪዥን ሲጠራኝ እንደ ሰው ሄድኩ። ፕሮዲውሰሩ ደህና ሰው ነው፣ ችግሩ ጸጥታ ይፈራል። በየዐሥራ አምስት ሰከንዱ ሳቅ ካልተሰማ ሕዝቡ ጣቢያ ይቀይራል ብሎ ያምናል። «ጋሼ፣ አንተ ዝም ብለህ ጻፍ፤ ሳቁን እኛ እንነሰንስበታለን» አለኝ። እንዳለውም የት እንደተቀዳ የማላውቀውን የሰዎች ሳቅ አምጥቶ እንደ ጨው ነሰነሰበት። መጀመሪያ ተጣላሁት። በሁለተኛው ዓመት ለመድኩት። በአምስተኛው ዓመት፣ እውነቱን ልናገርና፣ የደከመ ቀልድ ስጽፍ «ግድ የለም፣ እዚህ ጋ ይነሰንሱበታል» ብዬ ማለፍ ጀመርኩ። ፊልሙንም የጻፍኩት ያኔ ነው። ሳያማክሩኝ ዋናውን ተዋናይ ከደረጃ ላይ አንከባለሉት። ሦስት ወር ሙሉ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ የሚያወራኝ ስለዚያ ደረጃ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት የቴሌቪዥኑ ኮሜዲ አበቃና ወደ መድረክ ተመለስኩ። የእናታችን መኪና ጡረታ ወጥቶ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ተተክቶ ነበር፤ ድምፁ ቀለል ያለ ነው። አዲሱን ተውኔት ለእትዬ አነበብኩላት። አርባ ስምንት ጊዜ አቆመች። በመክፈቻው ቀን እንደ ልማዴ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ፣ ቀዩን ጭረት በጣቴ እየተከተልኩ ጠበቅሁ። የመጀመሪያው ጭረት መጣ። ጸጥ። ሁለተኛው መጣ። አንድ ሰው ሳለ። ሦስተኛው ላይ ያው ሰውዬ ደግሞ ሳለ። በዓመቱ ሌላ ጻፍኩ፣ ሃምሳ አንድ ጊዜ አቆመች፣ ያም ውሃ በላው። ሳል እንኳ አልነበረም።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ መጀመሪያ በአዘጋጁ አሳበብኩ። ቀጥሎ በተዋንያኑ። ቀጥሎ በሕዝቡ፤ «ይሄ ሕዝብ መሳቅ ረስቷል» እያልኩ ከባለቤቴ ጋር በየቁርሱ ተጨቃጨቅሁ። በእትዬ መኪና ግን ማሳበብ በሐሳቤም አልመጣም። ሰው በሰዓቱ ይጠራጠራል እንጂ በፀሐይ አይጠራጠርም።

ባለፈው ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራኝ። ደህና ወንበር አቀረበልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«ጋሼ፣ ሁለቱን ጊዜ ችለናል» አለኝ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ። «ይሄኛው ካልያዘ ግን ቦታህን ለሌላ ደራሲ ነው የምሰጠው። አዝናለሁ። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ቁጥሩን ንገረኝ።»

ስወጣ እግሬ ወደ ቤት አልወሰደኝም። ሦስት ጊዜ ቲያትር ቤቱን ዞርኩት። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሰው ከማሳቅ ሌላ ሙያ የለኝም፤ ሚስማር በደንብ መምታት እንኳ አልችልም። ያንን መድረክ ከወሰዱብኝ እኔ ማነኝ? ምንጣፍ የሚጨርስ ሽማግሌ ነኝ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ሰኞን፣ ማክሰኞንና ረቡዕን እየተመላለስኩ ጻፍኩ፤ የቀረውን ጨረስኩ፣ የጨረስኩትን መልሼ ቀየርኩ፣ የቀየርኩትን መለስኩ።

ሐሙስ ጠዋት ዘጠና ገጽ ተሸክሜ የአልባሳቱን ክፍል በር ዘጋሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው። በግራ በኩል ልብሶቹ ረጅም ብረት ላይ ተሰቅለዋል፤ የንጉሥ ካባ ከፖሊስ ኮት ጋር ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል። በቀኝ በኩል ተዋንያን ልብስ ሲለኩ ራሳቸውን የሚያዩበት የቁመት መስታወት አለ። በሩ አጠገብ ቀይ የእሳት ማጥፊያ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። መስኮቱ ሥር እትዬ አለች፤ መኪናዋ፣ መብራቷ፣ ቁልፍ የምታጠራቅምባቸው ቆርቆሮዎችና ስፒል የምትሰካባት አንዲት ትንሽ ትራስ። ለእንግዳ የሚሆን አንድ በርጩማም አለ። እኔ ስለማልቀመጥበት የእጅ ዕቃዋን ታስቀምጥበታለች።

«መጣህ ቁንጫ?» አለችኝ። «በል ጀምር፣ የዚህን ካፖርት ገበር እስክጨርስ።»

ተውኔቱ ስለ አንድ ጡረታ የወጣ ጸሐፊ ነው። ሰውዬው ሠላሳ ዓመት ሙሉ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ ሕዝቡን «ነገ ተመለሱ» ሲል ኖሯል። አሁን የራሱን የጡረታ ወረቀት ለማውጣት በዚያው መስኮት ፊት ተሰልፎ «ነገ ተመለስ» ይባላል። እየተመላለስኩ አነበብኩ። መኪናው ቆመ፣ ጫርኩ። ቆመ፣ ጫርኩ። ሰባ አንደኛው ገጽ ላይ ስደርስ ወረቀቶቹ ከእጄ አመለጡና ከተሰቀሉት ልብሶች ሥር ተበተኑ። ካፖርቶቹን ገልጬ ከኋላቸው ተንበረከክሁ። ያንን ቦታ ግን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ከተውኔቱ ሁሉ የምወደው ነው። ስለዚህ ወረቀቱን እየለቀምኩ ከንጉሡ ካባ ጀርባ ሆኜ ቀጠልኩ። ጡረተኛው በአራተኛው ቀን በአዲሱ ሠራተኛ ይናደድና ሥራውን ያስተምረዋል፦

«ነገ ተመለስ እንዲህ አይባልም ልጄ! መጀመሪያ መዝገቡን ትገልጣለህ። ከዚያ በጣትህ ትፈልጋለህ። ከዚያ ታዝናለህ። ነገ የሚመጣው ካዘንክ በኋላ ነው!»

መኪናው አልቆመም። ገበሩን እየበላ ቀጠለ።

ጆሮዬን አላመንኩም። ከልብሶቹ መካከል ብቅ አልኩና ምንም ሳልናገር፣ ቅንድቤን ሰቅዬ እትዬን አየኋት። መኪናው ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፣ ራሷን ነቀነቀች፣ መልሳ ረገጠች።

እኔ ግን ምንም አላልኩም ነበር።

የቀረውን እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ የምለው ቃል ግን ለራሴም አይሰማኝም። ሃምሳ ሦስት ጊዜ አቆመች። በአርባ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር አይቼ አላውቅም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ልፈትናት ፈለግሁ። ወረቀቱን አስቀመጥኩና ወደ እሳት ማጥፊያው ሄድኩ። ላዩ ላይ የተለጠፈውን መመሪያ፣ ወደ እትዬ ዞሬ፣ የቀልዴን ፊት ለብሼ ማንበብ ጀመርኩ።

«አንደኛ፦ ፒኑን ይንቀሉ!»

መኪናው ቆመ።

«ሁለተኛ፦ አፈሙዙን ወደ እሳቱ ሥር ያነጣጥሩ!»

ቆመ።

«ሦስተኛ፦ በየስድስት ወሩ ያስመርምሩ!»

ቆመ። እትዬ እንዲያውም ከንፈሯን ትንሽ አሸሸች፤ ለእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዞርኩባት። ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ፊቴን ወደ መስታወቱ አድርጌ፣ በሕይወቴ ለእትዬ ተናግሬው የማላውቀውን ተናገርኩ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ገደልሽኝ» አልኩ። «የማትሰሚ ከሆነ ምናለ አልሰማም ብትዪ! ባንቺ ተማምኜ በአደባባይ ተዋረድኩ። ሽማግሌ ሆኜ መሳቂያ እንኳ መሆን አቃተኝ።» መኪናው ከጀርባዬ ጠጥጥጥ እያለ ይሄዳል። ይህም ይበልጥ አናደደኝ፤ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ከዚያ መኪናው ቆመ። ቀና ስል በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ለካ ጀርባዬን ብሰጣትም ፊቴን አልደበቅኋትም።

«አወቅህ» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ወደዚህ ዙር። መብራቱ ላይ ና።»

መጣሁና ደገምኩላት። ከንፈሬን አተኩራ አየች።

«ግራው ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው» አለች። «ቀኙ ሦስት። አሁን መኪናውን በእጄ ነው የማዳምጠው፤ ሲንቀጠቀጥ ይታወቀኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? ስትገባ እያወራህ ነው የምትገባው፣ ስትወጣም እያወራህ ነው የምትወጣው።»

እውነቷን ነው። ስልክ ማንሳት ካቆመች ቆይታለች፤ እኔ ስልክ ሰልችቷታል ብዬ ነበር። በር ሳንኳኳ አትከፍትልኝም ነበርና ራሴ ከፍቼ እየገባሁ መብራቱን ማብራት ማጥፋት ለምጃለሁ፤ ለምን እንደለመድኩ ግን አንድ ቀን አላሰብኩም። ሥራዬ ሰውን መታዘብ ነው ስል የኖርኩ ሰው፣ የገዛ እህቴን ጆሮ አልታዘብኩም። አፈርኩ። ግን ንዴቴም አልበረደልኝም፤ ሰው ሲያፍር ይብስበታል።

«እንግዲያው ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ነው» አልኳት። «አርባ ስምንቱም፣ ሃምሳ አንዱም። ቢሰማሽ ኖሮ ቀልዱ እንደሞተ ታውቂ ነበር። እንደ ድሮው ብትሰሚ...»

«እንደ ድሮው?» አለች። መቀሷን አስቀመጠች። «ቁንጫዬ፣ የእናታችን መኪና ሲረገጥ እንዴት እንደሚጮህ ረሳኸው? በዚያ ብረት ላይ ሆኖ ማን ምን ይሰማል? ከምትነግረኝ ግማሹ አይደርሰኝም ነበር። ፊትህን ነበር የማየው። ነገር በዓይን ይገባል።»

እግሬ መሄድ ጀመረ፤ እጄን ይዛ አቆመችኝ። ካልቆምኩ አታየኝማ።

«የመጀመሪያው ተውኔትስ? ሠላሳ አንዱ?»

«እሱም ፊትህ ነው። ያኔ አስቂኙ ጋ ከመድረስህ በፊት ፊትህ ቀድሞህ ይስቅ ነበር። አፍህን ጭምቅ አድርገህ ትይዘዋለህ፣ ዓይንህ እምቢ ይልሃል። እኔም አቆማለሁ። ሕዝቡም ሄዶ እዚያው ይስቃል።»

«አሁንስ?»

የገበሩን ክር በጥርሷ በጠሰችው። የምትለውን እየፈለገች መሰለኝ፤ አልነበረም፣ ልትናገረው አልፈለገችም።

«አሁን ይለምናል» አለች።

«ታዲያ ሲለምን ለምን ታቆሚያለሽ?» ብዬ ጮህኩ፤ ጩኸቱ ለማን እንደሆነ እንጃ።

«አንጀቴ አይችልማ! እናቱ የሞተችበት ልጅ መኪናው ዙሪያ ሲዞር ሲዞር ቆይቶ ቆም ብሎ ሲያየኝ፣ ምን ላድርግ? ልርገጥ? ዝም ብዬ ልርገጥ?» ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ በመቀሷ ወደ መስታወቱ ጠቆመችኝ። «በል እዚያ ቁምና አንብበው። እኔ የማየውን አንተም እየው።»

አነበብኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልመላለስ፣ አንድ ቦታ ተገትሬ፣ ዘጠናውን ገጽ ለአንድ ሽማግሌ አነበብኩለት። እትዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሰፋች። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ በየገጹ ቅንድቡን እየሰቀለ፣ በከንፈሩ ጥግ እየፈገገ፣ «አይደል? አይደል እንዴ?» እያለ ይጠብቃል። ፕሮዲውሰሩ መጥቶ እስኪነሰንስለት ድረስ ነው የሚጠብቀው። ሳየው እኔንም አንጀቴን በላኝ፤ መኪና ቢኖረኝ አቆምለት ነበር። ሃምሳ ሦስቱን ጭረት አንድ በአንድ አለፍኩ። ሰባ አንደኛው ገጽ ላይ፣ «ከዚያ ታዝናለህ» የሚለው ጋ ስደርስ፣ የሰውዬው ጉንጭ ሳያዘው ተነፋ። ሳቁን ሊይዘው ሞከረ፣ ዓይኑ እምቢ አለው። ያንን ገጽ ለየሁት። እስከ መጨረሻው እንዲህ ያለ ገጽ አራት አገኘሁ። ከዘጠናው አራት።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ቆምኩ። አዳሬን አልነግራችሁም፤ ምንጣፉ ይመስክር። አንድ ነገር ግን እውነት ነው፤ ሃምሳ ሦስት ብል አልዋሸሁም ነበር። እትዬ በእርግጥም ሃምሳ ሦስት ጊዜ አቁማለች። ጭረቱ አለ፣ ቀዩ እርሳስ አለ። ሰውዬው አያነብም። መድረኩ የኔ ይሆናል፣ ስሜ በር ላይ ይሰቀላል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ማን ያውቃል፤ አንዳንዴ ሕዝብም ይሳሳታል።

ሥራ አስኪያጁ እጁን ዘረጋ። ወረቀቱን ሰጠሁት። መዘን ሊያደርገው ሲል ክብደቱ ጠፋበት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አራት ገጽ ነው።»

«እሱን አየሁ። ስንት ጊዜ አቆመች ነው የምልህ።»

«አራት።»

ወደ ኋላ ተለጠጠ። «አራት ብቻ? ምነው፣ እትዬ አሟቸዋል እንዴ? ዕድሜያቸውም ገፍቷል። የሚሰሙትም እንጃ፣ ባለፈው ስጠራቸው ዝም ብለውኝ ነው ያለፉት...»

ይህችን ነበር የፈራሁት። አሟታል ማለት አፌ ላይ ነበር። ብዬው ቢሆን ጥፋቱ ሁሉ በእሷ ያልቃል፤ እኔ በጆሮ የተታለልኩ ምስኪን እሆናለሁ፣ እሷን ደግሞ ከነመቀሷ ያሰናብቷታል። ከመስኮቱ ወደ በሩ አንዴ ሄጄ ተመለስኩ።

«እሷ ደህና ናት» አልኩት። «ያመመው ጽሑፉ ነው።»

«እንግዲያው ቦታውን ለሌላ...»

«ስጠው። እኔ ሲደርስልኝ እመጣለሁ።»

«መቼ?»

መልሱ አፌ ላይ መጣና ልይዘው አልቻልኩም። የጠረጴዛውን መዝገብ ገለጥኩ፣ በጣቴ ፈለግሁ፣ አንገቴን ደፍቼ አዘንኩ። «ነገ ተመለስ» አልኩት።

አልሳቀም። ተውኔቱን አላነበበማ። የዓመቱ ፕሮግራም የተለጠፈበትን ሰሌዳ ብቻ አየ፣ እኔም አብሬው አየሁት፤ ስሜን በእርሳስ ሰረዘው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የነበረ ስም ሲሰረዝ ድምፅ የለውም። አራቱን ገጽ ይዤ ወጣሁ።

እትዬ ጋ ስገባ መብራቱን አብርቼ አጠፋሁ። ዞረች። ካፖርቱን ጨርሳ የንጉሡን ካባ ይዛ ነበር።

«ምን አለህ?»

መብራቱ ላይ ሄጄ፣ ፊቷ ፊት ቆሜ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ላስቃት አልፈለግሁም፤ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ወረቀቱን ሲመዝን ክብደቱ እንዴት እንደጠፋበት፣ ስሜ እንዴት እንደተሰረዘ ነገርኳት። ቀይ እርሳስ አልያዝኩም ነበር። መኪናው መቼ እንደቆመ አላስተዋልኩም፤ ብቻ ክፍሉ ዝም ብሎ ነበር።

«ስለኔስ ጠየቀህ?»

«ደህና ናት አልኩት።»

ካባውን ጭኗ ላይ አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው። እኔም በድንገት ደከመኝ። ስድሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሄድኩት መንገድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጉልበቴ ላይ ወረደ። «እስቲ አረፍ ልበል» አልኩና፣ ያ አርባ ዓመት መቀመጫዬን አይቶት የማያውቅ በርጩማ ላይ እንዳለሁ ተዘረፈጥኩበት።

እትዬ አፏን ከፍታ ልታስቆመኝ ነበር፤ አልደረሰችም። ለካ ስፒል የምትሰካባት ትራስ እዚያ ነበረች።

ወደ ላይ እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም። ቁንጫ የሚለው ስም የወጣልኝ ለዚያች ቀን ነው። የፖሊሱ ኮት ላይ ተንጠልጥዬ ስወርድ መስቀያው ብረት ከነልብሱ ላዬ ላይ ወረደ። ከካፖርቶቹ ሥር ራሴን ሳወጣ አንድ ድምፅ ሰማሁ። የበር ማጠፊያ መሰለኝ፤ ዘይት ያጣ፣ ብዙ ዘመን ያልተከፈተ። እትዬ ነበረች። ሆዷን ይዛ፣ ጥርሷን ከፍታ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ትስቃለች። ድምፅዋ ምን ያህል እንደሚጮህ ራሷ አታውቀውም። የልብስ ሰፊዋ እህቴ ሳቅ እንዲህ ያለ መሆኑን በስድሳ አንድ ዓመቴ አወቅሁ።

ያልጻፍኩት ቀልድ ነው። የማላምንበት ቀልድ ነው። መቀመጫዬ ይነዳል።

እንባዋን በካባው ጫፍ ጠረገችና፣ ትንፋሽዋን ሰብስባ ወደ በርጩማው እያመለከተች «በናትህ ቁንጫዬ፣ አንዴ ድገመው» አለችኝ።

ኮሪደሩ ላይ የሰው እግር ተሰማኝ፤ ሳቋን ሰምተው እየመጡ ነው። የተበተኑትን ስፒሎች ለቀምኩ፣ አንድ በአንድ ትራሷ ላይ መለስኳቸው፣ ትራሷን በርጩማው ላይ አመቻቸሁ። ከዚያ ፊቴን ወደ እትዬ አድርጌ ተቀመጥኩ።